ጭንቀት ሰውነት ለድንገተኛ ቀዝቃዛ ውኃ በሚሰጠው ምላሽ ላይ የሚያሳድረው ተፅዕኖ

ወደ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት የሚገባ ሰው የሚደርስበት ድንጋጤ በውኃው ቅዝቃዜ ብቻ እንደማይወሰን፣ ሰውየው ውኃውን ከመንካቱ አስቀድሞ ያደረበት ፍርሃትና ጭንቀትም የልብ ምቱንና አተነፋፈሱን ይበልጥ እንደሚያናጋ በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይህ ተጨማሪ ጫና በጤናማ ሰው ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ታይቶ የሚያልፍ ቢሆንም፣ ዋና በማይችል ወይም የልብ ሕመም ባለበት ሰው ላይ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የባሕር በር ላላቸው አገሮች ብቻ የሚተው አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው የቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚኖር ሰው ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር የሚገናኝባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት አይደሉም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች የከተማዋ አየር በእጅጉ ስለሚቀዘቅዝ በየጣራው ላይ በተሰቀለው ሮቶ ውስጥ ያደረ ውኃ ንጋት ላይ እጅ አያስነካም። መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሳይሠራ ሲቀር ወደ ሥራ የሚቻኮለው ሰው ይህንኑ ውኃ በጆግ እየቀዳ ይታጠባል። በየሆቴሉ ሳውናና ስቲም የሚገባው ደግሞ ላብ በላብ እንደሆነ ወጥቶ ቀዝቃዛ ሻወር ሥር ይቆማል። ሌላው በማለዳ ተነሥቶ ጸበል ይጠመቃል። በክረምት ወራት በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ ድንጋይ ተፈልጦባቸው የተተዉ ጉድጓዶች ውኃ ሲያቁሩ የየሠፈሩ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይዘልሉባቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ አጋጣሚዎች ጀርባ ያለው የአካል አሠራር አንድ ነው። ልዩነቱ የውኃው ቅዝቃዜ፣ የሚነካው የአካል ክፍል ስፋትና የሰውየው የመንፈስ ሁኔታ ነው።

ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ ኃይሉ ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቅዝቃዜን የሚለዩት የነርቭ ጫፎች ከቆዳው ገጽ ብዙም ሳይርቁ ስለሚገኙ ቆዳ በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዝ መልእክታቸው ወደ አንጎል የሚደርሰው በቅጽበት ነው። በዚህም ምክንያት ሰው ሳያስበው በአንድ ጊዜ ብዙ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ቀጥሎም ትንፋሹ ይፈጥናል፣ የልብ ምቱ ይጨምራል፣ ከቆዳ ሥር ያሉ ደም ቧንቧዎች ስለሚጠቡም የደም ግፊቱ ከፍ ይላል። የዘርፉ ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ የቅዝቃዜ ድንጋጤ ብለው ይጠሩታል። ምላሹ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ እጅግ የሚበረታው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ውኃ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ 30 ሴኮንዶች ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ ሰው ሳያስበው የሚስበው ትንፋሽ 2 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። አፍና አፍንጫው ከውኃ በላይ ከሆነ የሚገባው አየር ነው፤ ከውኃ በታች ከሆነ ግን የሚገባው ውኃ ነው። በደረቅ መሬት ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትንፋሹን መያዝ የሚችል ሰው እንኳ በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 10 ሴኮንድ መቆየት ሊሳነው ይችላል።

ሰው በቀዝቃዛ ውኃ የሚሞተው የሰውነት ሙቀቱን አጥቶ ነው የሚለው አመለካከት ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት አግኝቶ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የአንድ አዋቂ ሰው ውስጣዊ ሙቀት አደገኛ ወደሆነ ደረጃ እስኪወርድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በእንግሊዝ የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማይክ ቲፕተንን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ለበርካታ ዓመታት ባካሄዱት ሥራ ትኩረቱ ወደ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንዲዞር አድርገዋል። በአገራችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። አባባሉ ለወንዝና ለሐይቅ የሚስማማ ቢሆንም ቀዝቃዛ ውኃ ግን ለማሳሳቅ ጊዜ አይሰጥም።

ጭንቀት በዚህ ሂደት ውስጥ የሚገባው ገና ከውኃው በፊት ነው። አንድ ሰው በገንዳ ጠርዝ ላይ ቆሞ ውኃው ያሰቃየኛል ብሎ ሲያስብ አካልን ለአደጋ የሚያሰናዳው የነርቭ ክፍል ሥራውን ይጀምራል። አድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃል፤ ልብ ይመታል፤ ትንፋሽ አጭርና ፈጣን ይሆናል። እንግዲህ ሰውየው ወደ ውኃው የሚገባው በዕረፍት ላይ ባለ ልብ ሳይሆን አስቀድሞ መሮጥ በጀመረ ልብ ነው። ቅዝቃዜው ደግሞ ያንኑ የነርቭ ክፍል እንደገና ይቀሰቅሰዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው ነው።

ይህን በሙከራ ካረጋገጡት ሥራዎች መካከል ማርቲን ባርውድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ተጠቃሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ፈቃደኛ ተሳታፊዎችን 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ ውስጥ በተለያየ ጊዜ አስገብተዋል። በአንደኛው ጊዜ ውኃው ከተለመደው በ5 ዲግሪ እንደሚቀዘቅዝ ለተሳታፊዎቹ ተነገራቸው፤ የውኃው ሙቀት ግን አልተለወጠም ነበር። የተለወጠው የሰሙት ነገር ብቻ ነው። ሆኖም ጭንቀታቸው ጨምሯል፤ የልብ ምታቸውም ካልተጨነቁበት ጊዜ ከፍ ብሎ ተመዝግቧል።

የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው። ሰውነት ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ሲገባ ድንጋጤው እየቀነሰ እንደሚሄድ ቀደም ሲል ይታወቅ ነበር። እያንዳንዳቸው ለጥቂት ደቂቃዎች የሚቆዩ አምስት ወይም ስድስት መጥለቆች ብቻ ምላሹን በግማሽ ገደማ ሊቀንሱት ይችላሉ። ከዚህም አልፎ የልምምዱ ውጤት በከፊል ከ7 እስከ 14 ወራት ሊዘልቅ እንደሚችል ታይቷል። ባርውድና ባልደረቦቻቸው በዚህ መልኩ ከቅዝቃዜው ጋር የተላመዱ ሰዎችን ውኃው ከቀድሞው ይበልጥ ይቀዘቅዛል በማለት ሲያስጨንቋቸው ከልምምዱ የተገኘው ጥቅም በከፊል ቀንሶ አግኝተውታል። ይህም ማለት ቆዳው የለመደውን ቅዝቃዜ አእምሮ እንደ አዲስ ሊያስደነግጥበት ይችላል ማለት ነው። በጸጥታ በሚዋኝበት ገንዳ ውስጥ ችግር ገጥሞት የማያውቅ ሰው ሳይታሰብ ተገፍቶ ወይም ሌላ ሰው ለማዳን ተጣድፎ ሲገባ ለምን እንደሚቸገር በከፊል የሚያስረዳውም ይኸው ነው።

ጭንቀቱ ሰውየው ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላም አይቆምም። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ራስ ያዞራል፣ ጣቶችና ከንፈር ይደነዝዛሉ፣ ደረት ይጨመቃል፣ ጡንቻም ሊኮማተር ይችላል። እነዚህ ምልክቶች በከባድ የጭንቀት ሕመም የሚሠቃይ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከሚሰማው ስሜት ጋር ይመሳሰላሉ። ስለሆነም ቀድሞውንም የሚፈራው ሰው መሞቴ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ፍርሃቱ ትንፋሹን ያፋጥናል፤ የፈጠነው ትንፋሽ ምልክቶቹን ያባብሳል። እጅና እግሩን በኃይል ማወራጨት ሲጀምርም ጉልበቱን ይጨርሳል፤ አፉም ከውኃው ወለል በታች መውረድ ይጀምራል። አማርኛ ለፍርሃትም ለቅዝቃዜም ትንፋሼ ቁርጥ አለ የሚለውን አንድ አገላለጽ መጠቀሙ የሁለቱን ዝምድና ተናጋሪው ቀድሞ እንደተረዳው የሚያሳይ ይመስላል።

ፍርሃት ያለ ቅዝቃዜም ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከቦሌ የተነሣ አንድ አሳዛኝ ታሪክ ያስታውሳል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 በጠላፊዎች ተይዞ ነዳጁ በማለቁ በኮሞሮስ ደሴቶች አቅራቢያ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ለማረፍ መገደዱ ይታወሳል። በዋና አብራሪው በካፒቴን ልዑል አባተ ይበር በነበረው ቦይንግ 767 ውስጥ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። የአካባቢው ባሕር ሞቃት በመሆኑ የቅዝቃዜ ድንጋጤ የሚነሣበት አልነበረም። ሆኖም በርካታ ተሳፋሪዎች በድንጋጤ ውስጥ ሆነው የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና በአውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፍተውት ስለነበር ውኃ ሲገባ ወደ ጣራው ተገፍተው መውጫ አጥተዋል። የበረራ አስተናጋጆች በሥልጠናቸው ገንዳ ውስጥ ገብተው ጃኬትና ተንሳፋፊ ጀልባ እንዲለማመዱ መደረጉ የዋናን ችሎታ ለማዳበር ብቻ የታሰበ አይደለም። በዚያች ሰዓት የሚሠራውን ነገር አስቀድሞ በእጁ የሠራ ሰው ፍርሃቱ ያነሰ እንደሚሆን ስለሚታመን ነው።

በኢትዮጵያ ሕዝብ በብዛት ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር የሚገናኝበት ዕለት ጥር 11 ቀን የሚከበረው የጥምቀት በዓል ነው። በአዲስ አበባ በጃን ሜዳና በሌሎች ባሕረ ጥምቀቶች ምእመናኑ በአብዛኛው የሚጠመቁት ውኃው ተረጭቶባቸው ሲሆን፣ በጎንደር ግን ወጣቶች በዐፄ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘለው ይገባሉ። ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ የሚሞላው ይህ መዋኛ ጸሎቱ ተጠናቆ ውኃው ከተባረከ በኋላ በአንድ ጊዜ በሰው ይሞላል። ወቅቱ የደጋው ሌሊት የሚቀዘቅዝበት በመሆኑ ውኃው ፀሐይ በቅጡ ሳያገኘው ነው ሰው የሚገባበት። ከዘላዮቹ አብዛኞቹ ለዓመት ያህል ወደ እንዲህ ዓይነት ውኃ ያልገቡ ናቸው። አንዳንዱ በደስታ ይዘልላል፤ አንዳንዱ ጠርዙ ላይ እያመነታ በጓደኞቹ ይገፋል። ከጥናቶቹ አንጻር ሲታይ ይበልጥ ሊታሰብለት የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው።

ጸበልን በተመለከተ ጉዳዩ ከዚህ የተለየ መልክ አለው። ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ሌሎች የጸበል ሥፍራዎች ከሚሄዱት መካከል ብዙዎቹ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የመንፈስ መረበሽ ያለባቸው ናቸው። በሌላ አነጋገር ለቅዝቃዜ ድንጋጤ ይበልጥ የተጋለጠው ሰው ራሱ ነው በማለዳ ቀዝቃዛ ውኃ የሚወርድበት። ሆኖም በሥርዓቱ ውስጥ አካልን የሚያግዝ አንድ ነገር አለ። ጸበልተኛው የሚጠመቀው በአብዛኛው አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ለአንድ ወይም ለሁለት ሱባዔ፣ ማለትም ለ7 ወይም ለ14 ቀናት ነው። በመጀመሪያው ቀን የጮኸና የተንቀጠቀጠ ሰው በሰባተኛው ቀን ረጋ ብሎ ሲቆም ይታያል። ይህን እምነቱ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል፤ የቆዳ ነርቮች ከቅዝቃዜ ጋር መላመድ ደግሞ ከዚያ ጎን የሚቆም ሌላ ነገር ነው። በራስ ላይ የሚወርድ ውኃና ሙሉ በሙሉ መጥለቅ ግን በመጠን እንደማይተካከሉ ልብ ማለት ይገባል።

ጥንቃቄ የሚያሻው የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም አስም ላለበት ሰው ነው። ፊት በቀዝቃዛ ውኃ ሲነካ፣ በተለይም ትንፋሽ ተይዞ ሳለ፣ የልብን ምት የሚያዘገይ ሌላ የነርቭ ምላሽ ይነሣል። ይህ ምላሽ እንደ ዐሣ ነባሪ ባሉ ጠልቀው በሚዋኙ እንስሳት ላይ ጎልቶ የሚታይ ሲሆን በሰውም ላይ አለ። የተቀረው ቆዳ ቅዝቃዜና የሰውየው ፍርሃት ልብን ፍጠን ሲሉት የፊቱ ቅዝቃዜ ዝግ በል ይለዋል። ማይክል ሻቶክና ማይክ ቲፕተን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ እነዚህ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ሲደርሱ የልብ ምት ሥርዓቱን ሊስት እንደሚችል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከደረሱት ሞቶች መካከል የተወሰኑትም በዚህ ምክንያት የተከሰቱ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክተዋል። በጤናማ ሰው ላይ የምቱ መዛባት ብዙውን ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። በኢትዮጵያ ግን በልጅነት በቶንሲል ሕመም ምክንያት የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም በወጣቶች ላይ ጭምር የሚታይ በመሆኑ፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት የሚያደክመው ወጣት ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ከመግባቱ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል። መድኃኒቱን አቋርጦ ወደ ጸበል መሄድም አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበልንና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ጎን ለጎን እንዲጠቀሙ መምከራቸው የሚታወስ ሲሆን፣ ለልብና ለደም ግፊት መድኃኒትም ከዚህ የተለየ ነገር የሚባልበት ምክንያት የለም።

ከሁሉም የከፋው አደጋ የሚደርሰው ማንም በማይጠብቃቸው ጉድጓዶች ነው። በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ዳርቻ ለግንባታ ድንጋይ የተፈለጠባቸው ጉድጓዶች በሐምሌና በነሐሴ በዝናብ ውኃ ይሞላሉ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በክረምት ወራት ወላጆች ልጆቻቸውን ከእነዚህ ሥፍራዎች እንዲያርቁ በተደጋጋሚ አሳስቧል። የጉድጓዱ ውኃ ላይ ላዩን ፀሐይ ስለሚያገኘው ለብ ያለ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ቀዝቃዛ ነው። እግሩን አስገብቶ የሞከረ ልጅ ውኃው ጥሩ ነው ብሎ ሲዘልል ድንገት ከቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ይገባል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚቆምበት አያገኝም፤ ውኃው ድፍርስ በመሆኑም ጓደኞቹ የት እንዳለ አያዩትም። ጓደኞቹ ፈሪ እያሉ ያሾፉበት ልጅ ደግሞ ወደ ውኃው የሚገባው ልቡ እየመታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ሰጥመው መሞታቸውን የገመተ ሲሆን፣ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትና ወጣቶች ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛሉ።

ጭንቀቱን መቀነስ የሚቻልባቸው መንገዶች ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ማወቁ በራሱ ያግዛል። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ከባድ እንደሆነ፣ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ግን ትንፋሹ ወደ ቦታው እንደሚመለስ የተነገረው ሰው የሚሰማውን መጨነቅ እንደ ሞት ምልክት አይቆጥረውም። ባርውድና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ራስን ማረጋጋትን፣ በአእምሮ አስቀድሞ መለማመድንና ለራስ አበረታች ቃል መናገርን የተማሩ ሰዎች በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትንፋሻቸውን ለመያዝ የሚችሉበት ጊዜ መጨመሩን አሳይተዋል። ሥልጠናው የተሰጠው ለአእምሮ ነው፤ የተለወጠው ግን ትንፋሽ ነው።

ወደ ገንዳ የሚገባ ሰው ከመዝለል ይልቅ በደረጃው በኩል እግሩን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ ከዚያም ደረቱን እያስለመደ ቢገባ፣ በሚገባበትም ጊዜ ትንፋሹን ከመያዝ ይልቅ በቀስታ ወደ ውጭ ቢያስወጣ ድንጋጤው ይቀንስለታል። ከስቲም የወጣ ሰውም ለብ ባለ ውኃ ጀምሮ ማቀዝቀዝ ይችላል። ልጆችን ዋና ለማስለመድ በሚል ሳይዘጋጁ ወደ ገንዳ መወርወር በአንዳንዶች ዘንድ እንደ ድፍረት ማስተማሪያ ቢታይም፣ ከላይ ከተገለጸው አንጻር ልጁን የሚያስተምረው ውኃን መፍራት ነው። ያ ፍርሃት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከልጁ ጋር ተመልሶ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ሳያስበው ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ መዋኘት አይደለም። የብሪታኒያ የባሕር ላይ ሕይወት አድን ተቋም ለሕዝብ በሚያስተላልፈው ትምህርት እንደሚመክረው፣ ራስን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ጆሮን ውኃ ውስጥ በመንከር፣ እጅና እግርን በዝግታ እያንቀሳቀሱ በጀርባ መንሳፈፍና ትንፋሽ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ መጣራትም ሆነ ወደ ዳር መዋኘት ይቻላል።

በዳር ሆኖ የሚመለከት ሰውም ተከትሎ ዘልሎ ባይገባ ይመረጣል፤ በድንጋጤ የሚገባ አዳኝ በራሱ ላይ ያንኑ የቅዝቃዜና የጭንቀት ጫና ይጋብዛልና። ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን መወርወር፣ ካልተገኘም ነጠላ ወይም ጋቢ ጠምዝዞ ማቀበል ይቻላል። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነፃ የስልክ መስመር 939 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት ደግሞ በ907 ይገኛል።